ሞላ

ሹካ ሲባል አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምናስበው የማዕድ ዕቃውን ነው። በእጁ ጎርሶና በእጁ አጉርሶ ላደገ ሕዝብ ልጅ ደግሞ ሹካ ምን ጊዜም ጥቂት እንግድነት አያጣውም። ሞተር ብስክሌትም ሹካ አላት። የፊት ጎማዋን ከግራና ከቀኝ ይዘው የሚቆሙ፣ ከላይ ከመሪዋ ከታች ከጎማዋ እምብርት ጋር የታሰሩ ሁለት የብረት እግሮች ናቸው። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ አንድ ጥምጥም ሞላ አለ፤ ከሞላው ጋር ደግሞ ሁለት የቡና ሲኒ የሚሆን ዘይት ይኖራል።

ስለዚህ ዘይት ልጽፍ ነው። ግጥምና ወግ ለምንለዋወጥበት ገጽ ርእሱ እንግዳ መሆኑ አልጠፋኝም። ዳሩ ግን ውድ አንባቢ፣ እኔ በቀን ሥራዬ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ በማታዬ ግጥም ሞካሪ ነኝ፤ ለሁለቱም የሚበቃ ትምህርት በአንድ ቅዳሜ ከአንዲት የልጅ ሞተር ሹካ ውስጥ ሲንጠባጠብ አይቻለሁና ታገሡኝ።

እህቴ የምትኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ፣ በቨርጂኒያዋ ዉድብሪጅ ነው። ባለቤቷ፣ እኔ ‹‹ጋሼ›› የምለው፣ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጋሼ ወጣትነቱን በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራ አካባቢ መኪና ሲፈታና ሲገጥም ያሳለፈ፣ አሜሪካም ከመጣ በኋላ ታክሲ እየነዳ ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን በግሪስ ካላቆሸሸ ቀኑ የዋለ የማይመስለው ሰው ነበር። አንድ ልጃቸው ስምንት ዓመት ሲሞላው አንዲት ያገለገለች የአፈርና የሣር ላይ ሞተር ገዛለት፤ ሞተሯ 110 ሲሲ፣ የፊት ጎማዋ 14 ኢንች፣ የኋላዋ 12 ኢንች ነው። በሕጉ ጎዳና ላይ አትወጣም፤ ስለዚህ በወር አንዴ በፒክአፕ ጭነው ከከተማ ወጣ ወዳለ የወዳጅ ሜዳ ይወስዷት ነበር። ከዚያ ጋሼ በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፈ። ሞተሯም ጋራዡ ጥግ፣ ከበረዶ መዛቂያው አካፋ ጎን፣ አንሶላ ለብሳ ቆመች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ስለ እርሷ አላነሣም። በዚህ የጸደይ ወራት ግን እህቴ ደወለችልኝ።

‹‹ወንድም ዓለም፣ ያቺን ሞተር አንድ ነገር አድርግልኝ›› አለችኝ። ‹‹ሰው ሊገዛት ፈልጎ አየና ፊቷ ትዘላለች፣ አሠሪያትና እወስዳታለሁ አለ።››

‹‹እትዬ፣ ልጁ ምን አለ?›› አልኳት።

ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ ‹‹ምንም አላለም›› አለችኝ። ‹‹ስለ እርሷ ምንም ብሎ አያውቅም።››

በቅዳሜው ሄድኩ። አንሶላውን ገልጬ መሪዋን በሁለት እጄ ወደ ታች ብጫናት ወርዳ ወዲያው ተስፈንጥራ ወጣች፤ ደግማ ወረደች፤ ደግማ ወጣች። ለሦስትና ለአራት ጊዜ ከነጠረች በኋላ ነው ያረፈችው። ገዢው እውነቱን ነበር። ሞላው አለ፤ ሞላውን የሚገራው ዘይት ግን አርጅቷል።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች አያት የምትባለው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1961 ታማ ቴክ ለተባለ የጃፓን የመዝናኛ ሥፍራ የሠራት መጫወቻ ናት። ጋላቢዋ ጉልበቱን አጥፎ ሲቀመጥባት ጦጣ መስሎ ስለታየ ‹‹መንኪ›› የሚል ስም ወጣላት፤ በአማርኛ ‹‹ጦጢት›› እንደ ማለት ነው። ከእርሷ ዘር በ2000 ኤክስ አር 50፣ በ2004 ደግሞ ሲ አር ኤፍ 50 የተባሉት የሕፃናት ሞተሮች መጡ። በእነዚህ በትናንሾቹ ሹካ ውስጥ የሚያለዝብ ዘይት የለም፤ ሞላና ግሪስ ብቻ ነው። ክብደቱ ላልከበደ፣ ፍጥነቱ ላልበዛ ሕፃን ይህ ይበቃዋል። ልጁ ሲያድግ፣ ሞተሩም ሲጨምር፣ ሞላ ብቻውን አይበቃም፤ ዘይት ያስፈልጋል።

ለምን ቢሉ፣ ሞላ የተቀበለውን ሁሉ የሚመልስ ፍጥረት ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይታመቃል፤ የምቱን ጉልበት ይዞ ይቆይና መልሶ ይወረውረዋል። የሚወረውረው ደግሞ በጋላቢው ክንድ ላይ ነው። ዘይቱ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሹካው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል፤ በጥበቱም የተነሣ እየተጋፋ፣ እየዘገየ ያልፋል። በዚያ መጋፋት የምቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም በብረቱ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ዓለም ይህን ጥበብ ለገበያ በወጣ ሞተር ላይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1935፣ ቢ ኤም ደብልዩ አር 12 የተባለችውን ሞተሩን ሲያወጣ ነው።

እኔ ቀድሞ ዘይት የመውደቁን ምት ብቻ የሚያለሰልስ ይመስለኝ ነበር። ከመጫኑ ይልቅ የበለጠ የሚያስቸግረው ግን የመመለሱ ነገር ነው። ድንጋዩን ሲመታ ያልወደቀ ጋላቢ፣ ድንጋዩን ካለፈ በኋላ ሹካው ተስፈንጥሮ ሲነሣ መሪው ከእጁ ሊወጣ ይችላል። የዘይት ዋናው ደግነት ከምቱ በኋላ ያለውን ማዝገም ነው።

ይህን ሳስብ እህቴን አሰብኩ። ጋሼ ያረፈ ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። በሀገራችን ወግ የለቀስተኛው መምጣት፣ የሠልስቱ፣ የአርባው፣ የሰማንያው፣ የሙት ዓመቱ ሥርዓት ሁሉ በደረጃ የተሠራ ይመስለኛል፤ ሐዘንን አያጠፋም፣ በአንድ ጊዜ እንዳይስፈነጠር ግን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። እህቴ ግን ከሥራዋ ያገኘችው ፈቃድ ሦስት ቀን ነበር። በአራተኛው ቀን የሥራ ልብሷን ለብሳ ወጣች። አርባውም ሙት ዓመቱም ለሰው እንዲመች ወደ ቅዳሜ ተገፉ። ሰው ሁሉ ‹‹በርቺ›› አላት፤ በረታች። ከዚያ በኋላ ግን በማይጠበቅ ቦታ ትነጥር ጀመር፤ አንድ ጊዜ በገበያ አዳራሽ የበርበሬ መደርደሪያ ሥር፣ አንድ ጊዜ ቀይ መብራት ላይ። ምቱን ሳይሆን መልሱን ነበር መቋቋም ያቃታት።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። መፍቻዎቹን ደርድሬ ከሞተሩ ሥር የእንጨት ጉቶ አግብቼ ፊቷን ከመሬት ሳነሣ፣ የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አማርኛ ሲነገረው ይሰማል፤ ይመልስ የነበረው ግን ለአባቱ ብቻ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ መልሱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኗል። ‹‹አጎቴ›› የምትለዋ ቃል ብቻ ናት ያልተለወጠችው።

‹‹አጎቴ፣ ለምንድን ነው የምትፈታት?›› አለኝ፣ ‹‹አጎቴ››ን በአማርኛ፣ ቀሪውን በእንግሊዝኛ።

‹‹ዘይቷን ልቀይር ነው። ና፣ ያዝልኝ።››

ቀርቦ ያዘልኝ። በመጀመሪያ የሁለቱን እግሮች ክዳን፣ እግሮቹ ገና በማቀፊያቸው እንደ ተያዙ፣ ጥቂት አላላሁ፤ ኋላ ከወጡ የሚይዛቸው አይኖርምና። ከዚያ የፍሬኑን ገመድ አላቀቅን፤ የጎማውን ዳዶ ፈታን፤ ጎማውን አወጣን። የማቀፊያዎቹን ብሎኖች አላልተን እግሮቹን እያወዛወዝን ወደ ታች ሳብናቸው።

በሥራው መካከል ዕቃዎቹን በስማቸው እየጠራሁ ‹‹አቀብለኝ›› እለው ነበር። ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጓርኒሲዮን… የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ የጣልያን ነው። በጦርና በመርዝ ጢስ የመጣ መንግሥት በአምስት ዓመቱ ተባሮ ሲሄድ፣ የመፍቻው ስም በእጃችን ቀረ። ጋሼ ይህን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገር ነበር፤ ከሶማሌ ተራ ይዞት አትላንቲክን ተሻግሯል። ልጁ ግን ካቻቢቴ ስለው ፒንሳ ያነሣል፤ እጄን ዘርግቼ በጣቴ እጠቁመዋለሁ።

ከዚያ የአንደኛውን እግር ክዳን ፈጽሜ ልከፍት ሆነ። ‹‹ፊትህን አርቅ›› አልኩት፤ ከክዳኑ ሥር የታመቀ ነገር አለና። መዳፌን ክዳኑ ላይ ጭኜ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ክዳኑ ተነሣ፤ ከሥሩም ያ ጥምጥም ብረት በዘይት ተለቅልቆ ብቅ አለ።

‹‹ሞላ›› አለ ልጁ።

ቀና ብዬ አየሁት። ቃሉን ከአፌ አልሰማውም፤ ገና አልጠራሁትም ነበርና። ‹‹ሞ›› ሲል ከንፈሩን የገጠመበት፣ ‹‹ላ›› ሲል የጎተተበት ሁኔታ ቁርጥ የአባቱ ነው። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ሞላውን አውጥቼ በእጁ ላይ አደረግሁለት፤ ዘይቱ በጣቶቹ መካከል ወርዶ ወለሉ ላይ በዘረጋሁት ካርቶን ላይ ነጠበ።

እግሩን በጠርሙሱ አፍ ላይ ገልብጬ ዘይቱን አወረድኩት። አዲስ የሹካ ዘይት እንደ ማር ወይም እንደ ቀይ ጠላ የጠራ ነው፤ ይህኛው ግን ዕርድ እንደ ነካው ውኃ ሳይሆን እንደ አመድ ውኃ ነበር፤ ከብረቶቹ መፋተግ የተነሣ የደቀቀ ብናኝ በውስጡ ብልጭ ድርግም ይላል። ሽታው ደግሞ አይነገርም፤ የቆየ ዓሣ ነው። ልጁ አፍንጫውን ያዘ፤ ከዚያ እጁን አወረደና ዝም ብሎ ጠርሙሱን ተመለከተ።

‹‹አባዬ ነው ይህን ያስገባው?›› አለኝ።

ጥያቄው እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ ለማለት አልደፍርም፤ ማንም አያውቀውም። ‹‹አዎ›› አልኩት።

‹‹እንግዲያው አትድፋው።››

እኛ ባንክ ቤት ያረጀ ብር እንሰበስባለን። የተቀደደ፣ በቴፕ የተያያዘ፣ ከእናቱ ቦርሳ የተገኘ፣ ‹‹ይህን ግን አልሰጥህም፣ የእናቴ ነው›› ብሎ መልሶ ኪሱ የሚከት ሰው አይቻለሁ። ዋጋው አንድ ነው፤ በአዲስ ቢለወጥ ምንም አይጎድለውም። ሰውየው ግን የሚያውቀው ሌላ ዋጋ አለ። ስለዚህ ከልጁ ጋር አልተከራከርኩም። ዘይቱን ሳይሆን የዘይቱን ሥራ ልነግረው ሞከርኩ፤ ‹‹ለምን እንደጠቆረ ታውቃለህ? አንተ በድንጋይ ላይ ስትሄድ ድንጋዩ ክንድህን እንዳይመታህ ምቱን እርሱ እየተቀበለልህ ነው። አባትህ ያስገባው ለዚህ ነበር፤ ሥራውን ጨርሷል›› አልኩት። ጠርሙሱን ከድኖ ከመደርደሪያው ላይ አኖረው። ይቆይ፣ አልኩ በልቤ።

በጋሼ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ አንዲት ዘይት የጠጣች ደብተር ነበረች። ታክሲውም፣ የእህቴ መኪናም፣ ይህች ሞተርም በየገጻቸው ተጽፈዋል። የሞተሯን ገጽ ገለጥኩ። ልጁ ፊደል አይለይም፤ ‹‹ምን ይላል?›› አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፤ ‹‹ሚያዝያ 2015። የሹካ ዘይት ተቀየረ። ግራ 150፣ ቀኝ 150።›› ሌላ ቃል የለበትም። ሰው ለልጁ የሚጽፈው ደብዳቤ ሁልጊዜ ‹‹ልጄ ሆይ›› ብሎ አይጀምርም።

በዚያው ልክ ሞላን። የመለኪያውን ብልቃጥ ልጁ ይዞ በዓይኑ ትክክል ዝቅ ብሎ አነበበ፤ እኔ ቀዳሁ። ሁለቱ እግሮች የያዙት ዘይት እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከበዛ ወይም ካነሰ ሁለቱ እኩል አይሠሩም። ይህ የእኔ ሙያ ነው፤ ማታ ማታ ገቢና ወጪው በሳንቲም ሳይለያይ ካልተዘጋ ከባንክ የሚወጣ የለም። ከቀዳን በኋላ ሞላውን ሳንመልስ እግሩን ቀስ እያልን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቀስነው፤ በዘይቱ መካከል የተደበቀው አየር አረፋ እየሆነ እንዲወጣ። በዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም። አየር ያለበት ዘይት ለማየት ሙሉ ነው፤ ሲጫኑት ግን ባዶ ነው። እግሩን እስከ መጨረሻው አጥፈን የዘይቱን ከፍታ ከአፉ በማስመሪያ ለካን፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ።

‹‹ሞላ?›› አልኩት፣ ለሁለተኛው እግር የመጨረሻዋን ጠብታ ስቀዳ።

‹‹ሞላ›› አለኝ።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ነቃን፤ እርሱ ሣቀ። ያ ከጣልያን የመጣው ብረት፣ ያ ከግእዝ የወረሰነው ግስ፣ በአንድ ልጅ አፍ በአንድ ቅዳሜ ተገናኙ። ሰምና ወርቅን ስንት ሰዓት ቢያስረዱት የማይገባው የአሜሪካ ልጅ፣ እጁ በዘይት ተነክሮ ሳለ ገባው። በዚያ ሌሊት ይህችን ሞከርኩ፤

ጉድለቱን የለካ ከሄደው ሰው ሌላ፣
ማን አለና ይበል ‹‹ይህ ቤት ዛሬ ሞላ››፤
እኛ ያገኘነው ከዚያ ብረት ኋላ፣
በዘይት የሚኖር የታገሠ ሞላ።

መግጠሙ ከመፍታቱ ፈጠነ። ሞላዎቹን አግብተን፣ ክዳኖቹን አጥብቀን፣ እግሮቹን በማቀፊያቸው በእኩል ቁመት አስረን፣ ጎማውንና የፍሬኑን ገመድ መለስን። ጉቶውን ከሥሯ ሳወጣ እህቴ ከቤት በሚያስገባው በር መጣች። ጠርሙሱን አየች፤ ደብተሩን አየች፤ የልጇን እጅ አየች። ምንም ሳትናገር ቀርባ መሪዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ተጫነች።

ሹካው ዝግ ብሎ ወረደ። ዝግ ብሎ ወጣ። ቆመ።

ደግማ ተጫነች። አሁንም እንዲሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጫን ጸጉሯ ፊቷን ሸፍኖት ስለነበር ምን እንደሆነች አላየሁም፤ ትከሻዋ ግን ከሹካው ጋር አብሮ ወርዶ አብሮ ሲነሣ አየሁ።

‹‹እርሱ ሲሠራት እንዲህ ነበረች›› አለች በመጨረሻ። ጥቂት ቆይታም ‹‹ለሰውየው ደውልለት። እስከ መስከረም ትቆያለች በለው›› አለችኝ።

እስከ መስከረም ልጁ ቁመት መጨመሩ፣ ጉልበቱም መሪዋ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መሸጧ የተገባ ይሆናል። እህቴም ታውቃለች፤ ልጁም ያውቃል። የጠየቀችው አንድ በጋ ብቻ ነው።

ጠርሙሱ በመደርደሪያው ላይ አንድ ሳምንት ቆየ። በተከታዩ ቅዳሜ ልጁ ራሱ አወረደው፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። ‹‹አጎቴ፣ እንውሰደው›› አለኝ። ያገለገለ ዘይት መሬት ላይ አይደፋም፣ በቦይም አይለቀቅም፤ ስለዚህ ከሞተሬ ዘይት ጋር ይዘነው ያገለገለ ዘይት ወደሚቀበል የመኪና መለዋወጫ መደብር ሄድን። ሠራተኛው ተቀበለን፤ ልጁ ግን ‹‹እኔ ላስረክብ›› ብሎ በእጁ ሰጠው። በመመለሻችን መንገድ ላይ መስኮቱን ከፍቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ቤት ስንደርስ ደብተሩን አምጥቶ ብዕር ጠየቀኝ። ከአባቱ ጽሑፍ ሥር ባዶ መስመር ነበረ። ቀኑን ጻፍኩለትና እርሱ በራሱ እጅ፣ እኔ በሌላ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ሳሳየው፣ ‹‹ግራ 150፣ ቀኝ 150›› ብሎ ገለበጠ። ‹‹ግ›› ጎበጠችበት፤ ‹‹ኝ›› ተገለበጠችበት። ከዚያ ሳልጠይቀው ‹‹ሞላን እንዴት ነው የምጽፈው?›› አለኝ። አሳየሁት። ምላሱን በከንፈሩ መካከል ይዞ፣ ከቁጥሮቹ ጎን፣ ከአባቱ ፊደል ሁለት እጥፍ በሚተልቅ ፊደል ‹‹ሞላ›› ብሎ ጻፈ።

የትኛውን ሞላ እንደጻፈ አልጠየቅሁትም።